የአዴ ቱሜ ሠላሳ ፍሬ ክኒን

ማክሰኞ

ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሦስተኛውን በግራ ክንዳቸው ለካሁት፣ ያው ነው። እኔ ቁጥሩን ስጽፍ አዴ ቱሜ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፀሐይ መትቶሻል፤ ወተት ልቅዳልሽ?"

ወተት! ዓይናቸው ብዥ እያለ፣ ማጅራታቸውን እየወቀራቸው፣ ለእኔ ወተት። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሲያደርጋቸው ላሞቻቸውን አልበው፣ በረቱን ጠርገው ነው እኔን የጠበቁኝ።

ከድንገተኛ ክፍል ከወጡ አራተኛ ሳምንታቸው ነው። ያን ጊዜ ገበያ መሀል ወድቀው በሰው ሸክም ነው ሆስፒታል የገቡት። ተርፈው ሲወጡ የድንገተኛው ነርስ ሊበን ካርዳቸውን በእጄ ሰጥቶ "ነጅማ፣ አደራ" አለኝ። አደራ መብላት አላውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ከድንገተኛ የሚወጡ የደም ግፊት ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እለካለሁ፣ ክኒናቸውን እቆጥራለሁ፣ ጨው እከለክላለሁ፣ እጨቀጭቃለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን የጨመረችው እማዬ ናት።

ሊበን ስለሚጠይቀኝ በዝርዝር ልያዘው፦

ክኒን፣ በቀን አንድ። ከሠላሳው ፍሬ ሃያ ሦስቱ ተውጧል፣ ሰባት ቀርቷል። ልክ ነው። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

ጨው፣ ወጡ ውስጥ የለም፤ ቀምሻለሁ። ሻዩ ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ጮኼባቸው ትተዋል።

ትምባሆ፣ ከመጋዶ ጋር ያኝኩ ነበር። መጋዶ ደግሞ ጨው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ከነከረጢቱ ወስጄባቸዋለሁ። አኩርፈውኝ ነበር፣ ያኩርፉ።

ግፊቱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት 150 በ90። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በሁለተኛው 170። በሦስተኛው 185። ዛሬ ይኼ።

ሰው ክኒኑን እየዋጠ፣ ጨውን ትቶ እንዴት ይጨምራል?

ባጃጅ ጠርቼ ወሰድኳቸው። ሊበን ቁጥሩን አየና እኔን አየኝ። "ክትትል ላይ ናቸው አላልሽም?" አለኝ፣ ሰው ፊት። ናቸው እኮ! የክኒኑን ላስቲክ ከቦርሳዬ አውጥቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ሰባት። አልጋ ላይ አስተኝቶ ግፊቱን ቀስ እያለ አወረደላቸው፤ ከሰዓት በኋላ 180 ሲሆን ወደ ቤት እንድመልሳቸው ፈቀደ። ባጃጁ ውስጥ እጄን ይዘው ነበር። እጃቸው ደረቅና ሞቃት ነው።

180ም ድል ነው። ዛሬ ሌላ የለኝም።

ረቡዕ

ሲብሰለሰል ያደረው ነገር ጠዋት መልስ ያገኘ መሰለኝ። ፍሬው ልክ ነው። ከተዋጠና ግፊቱ ካልወረደ ጥፋቱ የክኒኑ ነው። ሌላ የት ይኬዳል?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ቦሩ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፤ ከሩቅ ቀበሌ የማመጣቸውን ሕመምተኞች ሳያጉላላ የሚያስተናግድልኝም እሱ ነው። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ጎን ጠርቶ በቀስታ መጠየቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ቀስታ የሚባል ነገር መቼ አውቅና። "ቦሩ፣ ይኼ የደም ግፊት ክኒን የተበላሸ ነው! ሰው ልትጨርሱ ነው እንዴ?" አልኩት።

ቦሩ ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረደና ቀኑን አሳየኝ። ጊዜው ገና ነው። የተቀመጠበትን ቦታ አሳየኝ፤ ፀሐይ አያገኘውም። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ነጅማ፣ አንቺም?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሰዎች ክኒናቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አንዱ የእኔው ሕመምተኛ ነው፤ ለማሳመን ስንት ቀን የለፋሁበት ሰውዬ። ተከትዬው ሮጥኩ። "አንቺ ራስሽ አይደለሽም ተበላሽቷል ያልሽው?" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። አፌ!

ለምሳ ቤት ገባሁ። የምንኖረው ከእማዬ ሱቅ ጀርባ ነው፤ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ትሸጣለች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። የአዴ ቱሜን ነገር ነገርኳት። ሁለቱ የድሮ ወዳጆች ናቸው። እማዬ ከጉራጌ አገር ሙሽራ ሆና ነገሌ ስትመጣ ኦሮምኛ ያስተማሯት፣ ወተት ያመላለሱላት፣ እኔ ስወለድ ያረሷት እሳቸው ናቸው።

እማዬ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

"ትናገራለች?"

"ይናገራሉ እንጂ።"

"እጇስ ይሠራል?"

"እማዬ፣ አልወደቁም እኮ። ግፊቱ ነው የጨመረው።"

ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ራስሽን ያምሻል ወይ ብላት ፀሐዩ ነው አለች። "ወተቱን ዛሬም ራሴ ላምጣና በዚያው ልያት" ብላ ወጣች። ሰሞኑን ወተት ራሷ ነው የምታመጣው። ጥሩ ልብ አላት፣ እማዬ።

ሐሙስ

ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ነው የምጽፈው። ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ጠዋት አዴ ቱሜ ቤት ሄድኩ። 200 በ110። ዛሬ ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ ዓይኔ እያየ ይውጣሉ። ውሃ ቀዳሁ፣ ከላስቲኩ አንድ ፍሬ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩ።

አልዋጡም። ክኒኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ዛሬ የእኔ ቀን አይደለም" አሉ።

"የምን ቀን?"

"ሀርአ፣ ዛሬ፣ የኤሌማ ነው።"

ገና አፌን ሳልከፍት ኤሌማ ራሷ ገባች። ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ሞቶባት በጥቂት ፍየሎች የምትኖር። "አካም ቡልቴ፣ ነጅማ?" አለችኝ። "ናጋ" አልኩ፣ ከልማድ። ከዚያ እጇን ወደ አዴ ቱሜ ዘረጋች። አዴ ቱሜም እኔ የሰጠኋቸውን ክኒን ከመዳፋቸው አንስተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ዋጠች። እኔ በቀዳሁት ውሃ።

ክው አልኩ።

ዳባሬ ነው አሉኝ። ቦረና ላም ያለው፣ ላም ለሌለው ወገኑ የምትታለብ ላም ያውሰዋል፤ ወተቷን ልጆቹ ይጠጣሉ፣ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። ዳባሬ ይሉታል። ነገሌ ተወልጄ አድጌ ይኼን አላጣውም። ግን ክኒን! ክኒን ይታለባል?

"እኔ ቤት ሠላሳ አለ፣ እሷ ቤት የለም" አሉ። "ሌሊት ራሷን ይዛ ስታቃስት በአጥሩ በኩል እየሰማሁ ብቻዬን ልዋጥ? ሰው አይደለሁም እኔ?"

የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻቸውን ዋጡ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሴቶች ሆነው በየተራ፣ አንድ አንድ ቀን። ከላስቲኩ በቀን አንድ ፍሬ ይወጣል፣ የእኔ መዝገብ ልክ ይመጣል፣ እያንዳንዷ ግን በሦስት ቀን አንዴ ነው የምትውጠው። እኔ ፍሬ ስቆጥር አፍ አልቆጠርኩም።

አዛኝነታቸውስ ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በየሳምንቱ "ዋጡ ወይ፣ አዴ?" እላቸዋለሁ። "ዋጥኩ፣ ልጄ" ይሉኛል። ዓይኔን እያዩ! ፍሬ ስቆጥር አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ። "ጎበዝ!" ስላቸው ይስቃሉ። ለካ በእኔ ነበር።

ጮኽኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፍም። "ሦስተኛዋ ማን ናት?" አልኳቸው።

"የሰው ቤት ነገር ነው። እኔ አልናገርም።"

"አዴ፣ ይሞታሉ እኮ!"

"ልጄ፣ አትጩኺብኝ" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ወስደው። "ስትጮኺ ነው የሚያመኝ።"

ወደ ኤሌማ ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ልኬሻለሁ፣ ለምን ክኒን አላወጣሽም? ሁለቱንም ጊዜ ሄዳለች። ሰልፉ ሳይደርሳት ፍየሎቿ የሰው ማሳ ሊገቡባት ሆነና ተመለሰች። መዝገቤን ገለጥኩ። ስሟ አለ። "ተልካለች" ይላል፤ ጎኑ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ልኬ ተገላገልኩ ማለት ነው። ያን ቦታ ሳየው ድምፄ ትንሽ ቀነሰ፣ ትንሽ ብቻ።

ለአዴ ቱሜ ሌላ ፍሬ አውጥቼ አስዋጥኳቸው። አራት ቀረ። አራቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። "ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እኔ መጥቼ በእጄ ነው የማስውጥዎ" አልኳቸው። ሊበን ጋም ደወልኩ፤ ራስ ምታቱ ዛሬ ካልባሰ በየቀኑ በትክክል ይዋጡ፣ ነገ ጠዋት ለኪያቸው አለኝ።

እንደ እናቴ ነበር የማያቸው። ሦስተኛዋን ደግሞ አገኛታለሁ፣ ወላሂ አገኛታለሁ።

ዓርብ

ጠዋት በመጀመሪያ ኤሌማን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ። ሰልፉ ሳይበዛ ጨርሼ አዴ ቱሜ ጋ እደርሳለሁ ብዬ ነው። የፍየሎቿን ጠባቂ ራሴ ለምኜላት፣ ካርድ ራሴ አውጥቼላት። 190 በ100። ከቦሩ መስኮት ፊት ስንደርስ ቀና ብሎ አላየኝም። ክኒኗን ቆጥሮ፣ አወሳሰዱን ለእሷ በኦሮምኛ አስረድቶ፣ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ፊት የሰደበ ሰው ፊት ነው ይቅርታ የሚለው፤ ያን ደግሞ አልደፈርኩም። "አመሰግናለሁ" ብዬ ሾለክሁ። ፈሪ።

ኤሌማ የራሷን ላስቲክ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ስትወጣ ግን ደስ አለኝ። አንዷን አስተካከልኩ አልኩ።

ስንወጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የአዴ ቱሜ አራት ፍሬ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። በጠዋት መጥቼ አስውጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ እያለን ለኤሌማ ከሰፈር ተደወለ። አዴ ቱሜ ወደቁ።

ስደርስ መሬት ላይ ናቸው። አፋቸው በአንድ በኩል ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው አይነሳም። ሊሉኝ የፈለጉት ነገር አለ፤ ድምፅ ይወጣል፣ ቃል አይወጣም። 215 በ120። የወደቁበትን ሰዓት ጠይቄ ጻፍኩ። በጎናቸው አስተኛኋቸው። ጎረቤቶቹ ስኳር በጥብጠው ሊያጠጧቸው ነበር፣ ከለከልኩ። ሊበን ጋ ደወልኩ፣ መኪና ተገኘ። ይኼን በትክክል ሠራሁ። ይኼን ብቻ።

ሆስፒታል ከደረስን ብዙም ሳይቆይ እማዬ መጣች። ሱቋን ክፍት ጥላ ነው የመጣችው። እማዬ ሱቅ ክፍት ጥላ ስትሄድ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አልጋው ግርጌ ቆማ የአዴ ቱሜን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

"ቱሜ፣ እኔ ነኝ የበላሁሽ" አለች። "ያንቺን ነው የዋጥኩት። እኔ ነኝ።"

የምትናገረው ለአዴ ቱሜ ነበር። እኔ መኖሬን የረሳች ይመስለኛል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ሦስተኛዋን አገኘኋት።

በኋላ ሊበንን "እኔ ጠዋት ስለዘገየሁ ነው?" አልኩት። "የአንድ ጠዋት ክኒን አይደለም የጣላቸው፣ የሳምንታት ነው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። የሳምንታቱስ በማን እጅ ነበር? በእኔና በእናቴ።

ቅዳሜ

በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገርንም። ጠዋት እሷ ሱቁን ስትከፍት አላስቻለኝም፤ ደንበኛ ሳይመጣ ገባሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳት።

ሁለት ዓመት! ሐዋሳ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ሄዳ ራሷን አዙሯት ክሊኒክ ገባች፤ ደም ግፊት አለብሽ አሏት። ከዚያ የያዘችውን ክኒን ስኳሩ ጆንያ ሥር ደብቃ እየዋጠች ኖረች፣ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እያስመጣች። ዘንድሮ የሚሄድ ሰው ጠፋ፣ አለቀባት። "እዚህስ መግዛት አትችይም?" ብላት "የትኛው መድኃኒት ቤት ገብቼ ነው አንቺ የማትሰሚው?" አለችኝ። ራሷ ሲፈነዳባት ለአዴ ቱሜ ነገረቻቸው። እሳቸውም አካፈሏት። ለነጁ እንዳትነግሪ ብላ ያስማለቻቸው እሷ ናት። አዴ ቱሜ መሐላቸውን እስከ መጨረሻው ጠበቁ፣ ቃል እስኪያጡ ድረስ።

እኔ ደግሞ በየሰው በር "እዚህ ቤት ያልተለካ አለ?" እያልኩ የምዞር ሰው ነኝ። እናቴ ናት ያልተለካችው። አንድ ትሪ ላይ እየበላን፣ አንድ ክፍል እያደርን። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይላሉ፤ እኔ ለልጡም አልሆንኩ።

"እሺ ለምን? ለምን ለእኔ አልነገርሽም?"

መልሷን እንዳለ ልጻፈው፤ ካደርኩበት አሳምረዋለሁ።

"አባትሽን አይቼ ነዋ" አለች። "አባትሽ የመጨረሻ ዓመቱን ከበሽታው ይልቅ አንቺን እየፈራ ነው የኖረው። የጨው ዕቃውን ነጠቅሽው። ሥጋውን ከእጁ ላይ አነሳሽበት። እንግዳ ፊት 'መሞት ነው የምትፈልገው?' አልሽው። ኮቴሽን ሲሰማ የሚበላውን ይደብቅ ነበር፣ በራሱ ቤት፣ እንደ ሌባ። ልጁን እንደፈራ ሞተ። እኔ ልጄን ፈርቼ መሞት አልፈልግም።"

ደሜ ፈላ። "ላድነው ነበር እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት። ስጮኽ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች። ሐሙስ ዕለት አዴ ቱሜም እንደዚሁ ነበር ያደረጉት።

ወጥቼ ሄድኩ። ገበያውን አቋርጬ የፊልቱ መኪና እስከሚነሳበት ድረስ ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፊልቱ ዘመድ የለኝም። ከግመል ነጋዴዎቹ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። አንዱ ለጓደኛው "ሰው ሞቶባት ነው" ሲል ሰማሁት። አልሞተብኝም። ከዳኝ።

እናቴ ከዳችኝ። የምትወዳቸው ጓደኛዋ ማክሰኞ ሆስፒታል ገብተው እንኳን፣ "ትናገራለች? እጇስ?" ብላ ጠይቃኝ እንኳን፣ ጭጭ ብላ ረቡዕ ተራዋን ልትውጥ ሄደች። ይኼን መልሼ ሳነበው እውነት ነው። የአባዬን መልሼ ሳነበው እሱም እውነት ነው። የቱ ላይ ልናደድ?

እሁድ

አዴ ቱሜ እንደዚያው ናቸው። ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ሰው ያውቃሉ። ቃል የለም።

ልጃቸው ዋሪዮ ከአሬሮ ደረሰ። ከብቶቹን ለወንድሙ ትቶ ነው የመጣው፤ አቧራው ከቅንድቡ ላይ አልረገፈም። እናቱን አይቶ ወጣና ወደ እኔ መጣ። "አደራ የተሰጠሽ አንቺ ነሽ?" አለኝ። ስድብ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። አዎ እኔ ነኝ አልኩት። ስለ ዳባሬው፣ ስለ ተራው፣ ስለ ቀረችው አንድ ጠዋት ነገርኩት። የሦስተኛዋን ስም ግን ዋጥኩት። ለምን ሸፈንኳት? እሷ ለእኔ ምን ሸፈነችልኝ? ዋሪዮ "እናቴ ብቻዋን መብላት አትችልም" አለና ተመልሶ ገባ።

ሊበን በማንኪያ ውሃ ሞከራቸው፣ ሳያስላቸው ዋጡ። ነገ ክኒኑን እንጀምርላቸዋለን አለ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ እማዬ መጣች። ኮሪደሩ ላይ አስቆምኳትና መለኪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፣ ወላሂ።

"አንቺ አይደለሽም" አለች።

በአጠገቤ አልፋ ሊበን ጋ ገባች። መጋረጃውን ሳበው። ከውጭ ቆሜ የመለኪያውን አየር እሰማለሁ፣ ፉፍ ፉፍ ፉፍ፣ ከዚያ ሲተነፍስ። ድምፁ ቁጥር አይናገርም። ሊበን ሲወጣ "ስንት ነው?" አልኩት። "የሕመምተኛዬን ነው የምትጠይቂኝ?" አለኝ። እኔ ለስንቱ ዘመድ እንዲህ ብዬ መልሻለሁ፤ ትክክል ነው። እሷን ጠየቅኳት። "ክኒን ጀምሪ ብሎኛል" አለች። ቁጥሩን አልነገረችኝም።

ተለክታለች። ካርድ አላት። ከእንግዲህ የሰው ክኒን አትውጥም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሌላ ሰው እናት ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያ መጋረጃ ነው ያቃጠለኝ።

ሰኞ

ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ሲከፈት ሰልፉ ፊት ቆምኩ። የረቡዕ ሰዎች ጥቂቶቹ ናቸው የነበሩት፣ ቢሆንም ተናገርኩ። "ረቡዕ ዕለት ክኒኑ ተበላሽቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ክኒኑ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" በአማርኛ ተናግሬ በኦሮምኛ ደገምኩት። ቦሩ "ሰልፉን አትዝጊ" አለኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ክኒኑን ጥሎ ለሄደው ሕመምተኛዬ ግን ቦሩ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንደመለሰለት ካርድ ክፍል ውስጥ ሰማሁ። ለእኔ ብሎ አይመስለኝም።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሊበን ክኒኑን በአዴ ቱሜ ግራ መዳፍ ላይ አድርጎ ለሌላ ሕመምተኛ ተጠርቶ ሲወጣ ተላለፍን። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የውሃ ኩባያ ይዛለች። እኔን አላዩኝም።

አዴ ቱሜ ክኒኑን አዩት። ከዚያ ያቺን የምትታዘዝላቸውን አንድ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ እማዬ ዘረጉ። እማዬ አልገባትም። እንደገና ዘረጉ፣ እስከ ደረቷ ድረስ። እንቺ ነው የሚሉት። ተራዋ ነው ብለው ይሆናል። አልጋ ላይ ተኝተው ተራ ሲቆጥሩ ከርመው ይሆናል።

ጩኸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። "እንዳትቀበያቸው! አዴ፣ ይዋጡ!" ልል ነበር። ጥርሴን ነከስኩ።

እማዬ እንባዋ እየወረደ ከቀሚሷ ኪስ የራሷን ላስቲክ አወጣች። "ካን ኮ ቃባ፣ ቱሜ" አለች። "የራሴ አለኝ። አየሽ? ያንቺን አንቺ ዋጪ።" አዴ ቱሜ አላመኗትም፣ እጃቸውን አላጠፉም። እማዬ ከራሷ አንድ ፍሬ አውጥታ አፏ ውስጥ አደረገች፣ ከኩባያው ተጎንጭታ ዋጠች፣ አፏን ከፍታ አሳየቻቸው። ያኔ ነው እጃቸውን ወደ አፋቸው የመለሱት። ውሃው በተጣመመው በኩል ፈሰሰ፣ እማዬ በነጠላዋ ጠረገችላቸው። ዋጡ።

እማዬ ዘወር ስትል በሩ ላይ አየችኝ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ። ሊጮኹበት መሆኑን ያወቀ ሰው እንደዚያ ይሆናል። አባዬም እኔ ስገባ እንደዚያ ይሆን ነበር፤ የዕድሜ ነው እል ነበር።

ይቅር አላልኳትም። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ገና ያቃጥለኛል። ገብቼ በአልጋው በወዲያኛው በኩል ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ፣ ምንም አላልኩም። አዴ ቱሜ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብዙ ቆይቶ የእማዬ ትከሻ ሲወርድ አየሁ።